አሮጌ ሞተር ሲጠፋና ጉልበት ሲያንሰው ምርመራው ከየት ይጀምራል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ስለ ኅብረት ሥራ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ የእህል ገበያውና የትርፍ ክፍፍሉ ነው። እነዚህን ሁሉ ከመጋዘን ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ገበያ የሚያደርሰው መኪና ግን የሚታወሰው መንገድ ላይ ሲቆም ነው። መኪናው አሮጌ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ሞተሩ ሲጠፋ ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ መፍታት ሲኬድ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። የአንድ መሠረታዊ ማኅበር አሮጌ የናፍጣ መኪና በሐምሌ ወር ዩሪያ ጭኖ ሲጓዝ ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ጠፋ። ሾፌሩ ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፎ ሲሞክረው ተነሣ፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ጠፋ። ጋራዥ ሲደርስ «ፖምፓው ደክሟል» ተባለ። ፖምፓው ተፈታ፣ ታደሰ፣ ከማኅበሩ ካዝናም ብዙ ገንዘብ ወጣ። መኪናው ወደ ሥራ ሲመለስ እዚያው ዳገት ላይ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ሾፌሩ ዞረ፤ «ናፍጣውን ሸጦ ውኃ ጨምሮበት ነው» የሚል ወሬም ተነሣ። በቆሎው እስከ ጉልበት ደርሶ ዩሪያ የሚጠብቅ አርሶ አደር ደግሞ በአህያ ለማመላለስ ተገደደ።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ የነዳጅ ታንኩን አስወርደው ሲያዩ፣ በጠፋው ክዳን ፈንታ ተወትፎ ከነበረው ጨርቅ የተቀደደ ቁራጭ በመምጠጫው ቱቦ አካባቢ ተገኘ። ሞተሩ ሲስብ ጨርቁ በቱቦው አፍ ላይ ይለጠፋል፤ ሲያርፍ ይላቀቃል። ሾፌሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሲያርፍ ይነሣል» ብሎ ተናግሮ ነበር። መፍትሔው በዚያ ቃል ውስጥ ነበር፤ ልብ ብሎ የሰማው ግን አልነበረም።

አርሶ አደሩ ይህን ነገር ከማሳው ያውቀዋል። የሰብል ቅጠል በናይትሮጅን እጥረት ቢጫ ይሆናል፤ ውኃ ሥሩ ላይ ሲተኛም ቢጫ ይሆናል። ውኃ ለተኛበት ማሳ ቦይ መክፈት ሲገባ ዩሪያ መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው። የሞተርም ምልክት አንድ ሆኖ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የምርመራው ደንብ ከሚታየው ወደማይታየው፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መጠየቅ ነው። ሞተሩ የሚጠፋው ጧት ሲነሣ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? በሜዳ ነው ወይስ ጭኖ ዳገት ሲወጣ? በድንገት ነው ወይስ እየተንገጫገጨ? ሲያርፍ ይነሣል? ነዳጁስ በቅርቡ ከየት ተቀዳ? እነዚህ ጥያቄዎች ምንም ወጪ የላቸውም።

ሁለተኛው ጭሱን ማየት ነው። ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ አየር አንሶታል፣ ወይም ኖዝሉ ነዳጁን በትክክል አይረጭም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይተው ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ ሊሆን ይችላል። ጭስ ሳይበዛ ጉልበት ማጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ እንዳልደረሰው ይጠቁማል።

ሦስተኛው የነዳጁን መንገድ ከታንክ ጀምሮ መከተል ነው። ክዳኑ ሲከፈት አየር «እስስ» ብሎ ከገባና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ደህና ከሠራ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ቀጥሎ ወንፊቱ፣ ቱቦዎቹና ፊልትሮው ይታያሉ። ከፊልትሮው ሥር ያለው ማፍሰሻ ተከፍቶ ውኃና ዝቃጭ ወደ ዕቃ ይወርዳል። በመምጠጫው መስመር ላይ ያለ የላላ ማሰሪያ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ናፍጣ ባያንጠባጥብም አየር ሊስብ ይችላል። ይህን ለማወቅ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ውስጡን የሚያሳይ የነዳጅ ቱቦ ለጊዜው ይገጠማል፤ አረፋ ካልተቋረጠ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላም አየሩ በእጅ ፓምፕ ተገፍቶ መውጣት አለበት፤ አለዚያ በአዲስ ፊልትሮም ይጠፋል።

አሁንም ካልታወቀ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከጋለው የጭስ ቱቦ ርቆ በደንብ ይታሰርና ሞተሩ ከዚያ እንዲስብ ይደረጋል። የመመለሻው ቱቦም ወደዚያው ይዞራል። በዚህ ሁኔታ ሳይጠፋ ከሠራ በሽታው ከታንኩ እስከ መገናኛው ባለው መስመር ነው፤ ፖምፓውን መፍታት አያስፈልግም።

አራተኛው አየር ነው። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና የአየር ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። የወረቀት ማጣሪያን በድንጋይ ላይ መደብደብ ይቀደዋል፤ የተቀደደ ማጣሪያ ደግሞ አቧራውን አስገብቶ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይበላል።

አምስተኛው ጥፋቱ የሞተሩ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የነዳጅ መስጫው ፔዳል እስከ መጨረሻ ሲረገጥ በፖምፓው ላይ ያለው ክንድም እስከ መጨረሻ መሄድ አለበት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተራመደ ፍሪሲዮኑ እያንሸራተተ ነው። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ ይዞት ሊሆን ይችላል። ከፍታም መረሳት የለበትም። ከአባይ ሸለቆ ሥር ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ይህ የተፈጥሮ ነው፤ ደህናውን ሞተር ግን አያጠፋውም። ያንኑ ጭነት ይዞ አምና በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን ዳገት ዘንድሮ በሁለተኛ ካልወጣ ግን በሽታ አለ።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ካልተገኘ ያን ጊዜ ኖዝሉ፣ ፖምፓውና የሲሊንደሩ ግፊት በባለሙያና በመለኪያ ይመረመራሉ። ለቤንዚን መኪናም ደንቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ ካንዴላው፣ ኮይሉና ካርቡሬተሩ መጨመራቸው ነው።

በምርመራው ጊዜ ጎማው ታኮ ይደረግበታል፣ ሲጋራ አይጨስም፣ የጋለ ራዲያተር አይከፈትም። ሞተሩ እየሠራ ከኖዝል መስመር የሚረጭ ናፍጣ በእጅ አይነካም፤ ግፊቱ ቆዳን በስቶ ይገባልና። እንዲህ የተጎዳ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ከዚህ አኳያ ከማኅበራት የሥራ አመራር ኮሚቴዎች የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይኑር፤ ነዳጅ የተቀዳበት፣ ፊልትሮ የተቀየረበትና ሞተሩ የጠፋበት ቀንና ቦታ ይጻፍበት። የጠፋ ክዳን በክዳን እንጂ በጨርቅ አይተካ። ናፍጣ በበርሜል ሲቀመጥ አፉ በደንብ ይዘጋ፤ ሲቀዳም ዝቃጩ እንዳይነሣ ከበርሜሉ ሥር አይቀዳ። ጋራዥ «ይፈታ» ሲል ኮሚቴው «ከዚያ በፊት ምን ታየ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም በደብተሩ ላይ ይስፈር።

ከሁሉም በላይ ሾፌሩ ይደመጥ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ሾፌር በሽታውን የሚደብቀው ሲናገር ዕዳው በእሱ ላይ የሚወድቅ ሲሆን ነው። ከላይ የተነገረለት ሾፌር ምንም አልደበቀም፤ ተናግሮ ነው የተጠረጠረው። ጨርቁ ከተገኘ በኋላ መኪናው ያንን ዳገት ሳይጠፋ ወጣ። ለፖምፓው የወጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም፤ ያ ገንዘብ የአባላቱ ነበር።