ማስታወሻ ደብተራችንን በጌጥ አንቅበረው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በታዘዝሁ ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ሳይንስ ወይም ስለ አገር ልማት የምናገር መስሏቸው ነበር። እኔ የመረጥሁት ነገር ግን በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም ስለ ፎቶግራፍ አልበማችንና ተማሪው ሁሉ «አውቶግራፍ» እያለ ስለሚጠራው የማስታወሻ ደብተር ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንበተናለን። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ አንዱ ወደ አባቱ እርሻ ይመለሳል፤ ሌላው ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አንዷም ትዳር ትይዛለች። ስለዚህ በዚህ ወራት አውቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ሲዞር ሳየው ግን፣ ይህን ሥራ ከልባቸው የሚወዱትን ሰዎች የሚያሳዝኑ አንዳንድ አዲስ ልማዶች እንደገቡበት ተመለከትሁ። ስለ እነዚሁ ጥቂት ቃል ለመናገር እወዳለሁ።

ማስታወሻ መሰብሰብ የእኛ ትውልድ ፈሊጥ ብቻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጀርመን አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትንሽ መጽሐፍ ይዘው ከመምህሮቻቸውና ከጓደኞቻቸው ፊርማና የምክር ቃል ይሰበስቡ ነበር። በአሜሪካም ሕዝቡ የጋዜጣ ቁራጭና ሥዕል በደብተር ላይ መለጠፍ እጅግ ስለ ወደደ፣ ታዋቂው ደራሲ ማርክ ትዌይን ማጣበቂያው አስቀድሞ በገጹ ላይ የተቀባ ደብተር ፈልስፎ በ1873 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። በአገራችንም ብዙ የብራና ወንጌሎች በኅዳጋቸውና በባዶ ገጻቸው የርስት፣ የጉልትና የውል ቃል ተጽፎባቸው ይገኛል። ጸሓፊውም ብዙ ጊዜ ሥራውን ሲፈጽም የራሱንና የአስጻፊውን ስም አስገብቶ ጸልዩልኝ ይላል። በጀርመንም ሆነ በአሜሪካ ወይም በጎጃም፣ የነገሩ ዓላማ አንድ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደተባለው፣ ማን፣ የት፣ መቼ እንደነበረ እንዳይረሳ ለማድረግ ነው።

እንግዲህ የማያስደስቱትን ልማዶች በየተራ ልጥቀስ።

አንደኛው የተቀዳ ቃል ነው። አንድ ሰው ስለ ጽጌረዳና ስለ ማር የሚናገር ግጥም ከየትም ያገኝና በአሥር ጓደኛ ደብተር ላይ አሥር ጊዜ ይገለብጠዋል። ከሥሩ ያለውን ስም በእጃችሁ ብትሸፍኑት ጸሓፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ አይቻልም። ሌላው ደግሞ ደብተሩን እንደ መሥሪያ ቤት ቅጽ ያደርገዋል፤ የምትወደው ቀለም፣ የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ተጫዋች እያለ ባዶ ቦታ ይተዋል። በአንድ ደብተር ላይ ሠላሳ አንድ ሰው ዶሮ ወጥ እንደሚወድ አነበብሁ፤ ይህንንስ ሳይጻፍም አውቀው ነበር። ከእነዚህ ሠላሳ አንድ ሰዎች አንዱ ግን በየሳምንቱ ስንቁን ተሸክሞ ሦስት ሰዓት በእግሩ እየተጓዘ እንደሚማር በቅጹ ላይ የሚገልጽበት ቦታ አልነበረውም።

ሁለተኛው ጌጥ ማብዛት ነው። ገጹ ስቲከር፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ጥብጣብና የሚያብረቀርቅ ብናኝ ተሸክሞ ደብተሩ አልዘጋም ይላል። ብናኙም ተራግፎ በፎቶግራፉ ላይ ይቀመጥና የጓደኛችን ፊት ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። እኔ ጌጥን አልቃወምም። የብራና መጻሕፍታችን እጅግ ያጌጡ ናቸው፤ በምዕራፉ መግቢያ ላይ የሚሣለውን ሐረግ የማያደንቅ የለም። ነገር ግን ሐረጉ የሚሣለው ከጽሑፉ በላይና በዳር በዳሩ ነው። ቃሉን ያጅበዋል እንጂ አይሸፍነውም። አባቶቻችን ጌጥን ከነሥርዓቱ ትተውልን ሳለ፣ እኛ ሥርዓቱን ጥለን ጌጡን ብቻ መያዛችን የሚገባ አይደለም።

ሦስተኛው ፎቶግራፍን በመቀስ መቁረጥ ነው። ለልብ ቅርጽ ወይም ለኮከብ ቅርጽ ሲባል ከጎን የቆመው ጓደኛ ጆሮው ይቀራል፤ የክፍሉ በርና ከኋላ የነበረው ዛፍም ይጣላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ለማየት የምንናፍቀው ያንን በርና ያንን ዛፍ ሊሆን ይችላል። በውጭ አገር ደግሞ አዲሱን ወረቀት ጫፉን እየቀደዱና በሻይ ውኃ እየነከሩ ያረጀ የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። ይህ ፋሽን ወደ እኛ ገጠር ቢመጣ የሚጠቅመው ያለ አይመስለኝም። በእኛ ቤት የምድጃው ጭስ፣ የክረምቱ ፍሳሽና ምስጡ ይህንኑ ሥራ ያለ ዋጋ ይሠሩልናል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ሰውን ሌላ ሰው ማስመሰል ነው። ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ከቡሬ ገጠር የመጣ ነው። አባቱ ባረፉ ጊዜ ለቤተሰቡ የቀረችው አንዲት ለመታወቂያ የተነሡባት ጉርድ ፎቶግራፍ ነበረች። ልጁም ያችኑ ለማሳደግ ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰዳት። ፎቶ አንሺው በኮምፒዩተር የአባትየውን ጋቢ ገፎ ሙሉ ልብስና ከረባት አለበሳቸው፤ ፀሐይ ያጠቆረውን ፊታቸውን አነጣው፤ የግንባራቸውን መስመር አጠፋው፤ ከኋላቸውም ፏፏቴ አደረገ። ልጁ ገንዘቡን ከፍሎ፣ በመስታወት አስገብቶ ወደ ቤቱ ወሰደው። እናቱ ብዙ ጊዜ ተመለከቱና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸ ሹም ማነው?» ብለው ጠየቁት። አባቴ ነው ቢላቸው ዝም አሉ። ያ ትልቁ ሥዕል እስከ ዛሬ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እንግዳ ያየዋል። እናቲቱ ግን ባለቤታቸው ሲናፍቋቸው ከሣጥን የሚያወጡት ያችን ትንሽ ጉርድ ነው።

በዚህ አንጻር ያለ አንዳች ጌጥ የተሠራ አንድ ገጽ ልንገራችሁ። የአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓ.ም. ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት በጀመረ ጊዜ በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አብሮ እንዲለጠፍ ተደረገ። የአያቴ ፎቶግራፍ ያ አንዱ ብቻ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሳትስቅ፣ ፊት ለፊት ትመለከታለች። ከኋላዋ አንድ ጨርቅ እንጂ ፏፏቴም አበባም የለም። ነገር ግን ሙሉ ስሟ፣ ቀበሌዋና ቀኑ ተጽፎ ማኅተም ተመቶበታል። እኔ የልጅ ልጇ ብቻ ሳልሆን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚወለድ ሰው እንኳ ይህችን ሴት ማን እንደነበረች፣ የት እንደኖረችና የየትኛው መሬት ባለይዞታ እንደነበረች ያውቃል። በከተማ በብዙ ብር የሚሠራው አልበም ብዙ ጊዜ ይህን ሊነግረን አይችልም።

አምስተኛው ነገር የዕቃው አመራረጥ ነው። ገጹ ሙጫ የተቀባና ፕላስቲክ የለበሰው አልበም ሲገዙት ያምራል። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ሙጫው ይበጭና ፎቶግራፉን ይይዘዋል፤ ሊያነሡት ቢሞክሩ ይቀደዳል። ፕላስተርም እንዲሁ ይደርቅና ቡናማ ምልክት ትቶ ይወድቃል። ጋዜጣ ከእንጨት ፍጭ የሚሠራ ስለሆነ በውስጡ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ፤ ይህም ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወረቀቱ ይበጫል፤ ይሰባበራልም። የብራና ጸሓፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ግን ከጥላሸት የሚቀመም ስለሆነ ብርሃን በቀላሉ አያደበዝዘውም። በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ነበሩ። የየዓመቱን ተማሪ ፎቶግራፍ ያለ ኮላ፣ አራቱን ማዕዘን በሚይዙ ትናንሽ ወረቀቶች በጥቁር ገጽ ላይ ያኖሩ ነበር። ከሥሩም በነጭ እርሳስ ስማችንን ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፉ ነበር። የእሳቸውን አልበም ሲያይ «ይህ ማነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «በዚህ ዘመን ደብተር ምን ያደርጋል? ሁሉም በስልካችን አለ» ይላሉ። ስልክ መልካም ነገር ነው። ሆኖም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት በተነሣ ጊዜ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንዳልተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን። በፌስቡክና በቴሌግራም ያኖርነውን ፎቶግራፍ ለማየት አልቻልንም። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። በዚያ ዓመት አብረውን ይማሩ የነበሩት ሁሉ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሉም። የት እንዳሉ የማናውቃቸው አሉ። የአንዳንዶቹ የእጅ ጽሑፍ ግን በደብተራችን ውስጥ ቀርቷል። ያን ገጽ የከፈተ ሰው የተቀዳ ግጥም ቢያገኝ ምንኛ ያዝናል! አንድ መስመር እንኳ የራሱን ቃል ቢያገኝ ደግሞ ምንኛ ይጽናናል!

ሌሎች ደግሞ፣ «ወጣት ስለሆንን እንጫወትበት፤ ስቲከርም የደስታ ምልክት ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ደብተሩ እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ይሁን አላልሁም። ያልሁት ግን ደስታው የማን እንደነበረ ይታወቅ ነው። አንዲት የክፍላችን ልጅ በጓደኛዋ ገጽ ላይ የእንሶስላ አበባ አድርቃ ለጥፋለች፤ ከሥሩም አበባው ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደተቀጠፈና በዚያ ቀን ማን ማን እንደነበረ ጽፋለች። ከዚህ የበለጠ ጌጥ ከሱቅ አይገዛም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ በቀረን ጊዜ አምስት ነገር እንድናደርግ እለምናችኋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሥር ሙሉ ስም እንጻፍ። «እኔና ጓዶቼ» የሚለው ቃል ለዛሬ እንጂ ለነገ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ቀኑንና ቦታውን እንጻፍ። ይህች ከተማ እንኳ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ናት። ስም ይለወጣል፤ ቤት ይፈርሳል፤ የተጻፈው ግን ይመሰክራል። ሦስተኛ፣ በጓደኛችን ደብተር ላይ ስንጽፍ ከእርሱ ጋር ያሳለፍነውን አንድ እውነተኛ ነገር በራሳችን ቃል እንጻፍ፤ አማርኛችን እያለ የማናውቀውን እንግሊዝኛ አንገልብጥ። አራተኛ፣ ፎቶግራፍ አንቁረጥ፤ ፊትም አናስለውጥ። አምስተኛ፣ ደብተሩን ከጭስና ከፍሳሽ ርቆ በሚገኝ ሣጥን እናኑር።

ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለኝ። በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ ታትሟል። በውስጡ ያሉት ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ቤት የተሰበሰቡ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ናቸው፤ ከባለቤቶቹ ትዝታ ጋር ስለ ቀረቡም አንባቢው ሰዎቹን እንደሚያውቃቸው ሆኖ ያያቸዋል። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ በቡሬም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በየገጠሩም በሣጥን ውስጥ አለ። በፎቶግራፉ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ የምታውቁት ግን እናንተ ብቻ ናችሁ። እባካችሁ አንድ ቀን ማታ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ፣ እርሳስና ወረቀት አስይዛችሁ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም አስጽፉት። ልጁ የተማረው ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ትምህርት ቤታችንም የዛሬውን በዓል ፎቶግራፍ ሲያስቀምጥ፣ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡትን እንግዶች ብቻ ሳይሆን በኋለኛው ረድፍ በድንጋይ ላይ የቆሙትንም ተማሪዎች ስም እንዲያስጽፍ በትሕትና አሳስባለሁ።

 ይህን ንግግር ስጨርስ የብዙዎቻችሁን አውቶግራፍ እንድጽፍበት እንደምታመጡልኝ አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ፤ ነገር ግን ለብናኙ የሚሆን ቦታ አልተውም።