ቁጣና ቁራጭ ሥጋ

አንደኛ አቅራቢ፦ ውሻው ምንጣፍ ላይ ሸንቷል። ባለቤቱ ከሥራ ገብቶ ሲቆጣ፣ ውሻው ጭራውን እግሩ መሀል ወሽቆ ያቀረቅራል። «ጥፋቱን አውቋል» ይባላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አላወቀም! አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው ያንኑ ፊት አሳይተዋል። ያነበቡት የጌታቸውን ቁጣ ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እንደበላና ከእንቅልፉ እንደነቃ ግቢ ማውጣት፤ እዚያ ሲሸና መሸለም። «ቁጭ በል» ለማስተማርም ባለቤቱ ጥፍር የምታህል ሥጋ አፍንጫው ሥር ይይዝና ቀስ እያለ ከጭንቅላቱ በላይ ወደ ኋላ ይወስዳታል። ውሻው ሲያንጋጥጥ ቂጡ ይወርዳል። መሬት እንደነካ «ጎበዝ!» ብሎ መስጠት ነው። ከተነሣ በኋላ ከሰጠው ግን የሸለመው መነሣቱን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዳ ላይ የሚዘልስ?

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እንግዳው ጀርባውን ይስጠው፤ አራቱም እግሮቹ መሬት ሲይዙ ይደባብሰው። የእንስሳት አሠልጣኟ ካረን ፕራዮር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃዋይ ውስጥ ዶልፊኖችን ያሠለጠነችውም እንዲሁ ትክክለኛውን ድርጊት በመሸለም ነው። የሚዋኝ ዶልፊን በማሰሪያ አይጎተትም! በእጇ የነበረው ፊሽካና ዓሣ ነው።