የመጀመሪያው ጋናችን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጠላ ነው፤ እኛ መቀሌዎች ስዋ ስለምንለው። ከተዘዋዋሪው ብድር ወስደን ስዋ ለመጥመቅ የተነሣነው አምስት ነበርን። እናቶቻችን ሲጠምቁ ውኃ አቀብለን፣ ጌሾ ወቅጠን አድገናል፤ ራሷ ጠንስሳ የምታውቅ ግን ከመካከላችን አንዲትም አልነበረችም። ከጦርነቱ በፊት አንዷ ሱቅ ነበራት፣ ሌሎቻችን በደመወዝ እንተዳደር ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም ሱቁም ደመወዙም አልነበረም። እህል የጠፋበትን ጊዜ ላየች ሴት ደግሞ ገብስ አበላሽቶ መድፋት ቀላል ነገር አይደለም።

ጥንስሱን ያስቀመጥነው በኅዳር ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አረፋም ድምፅም ጠፋ። አንዷ «ብቅል እንጨምር» አለች፣ ሌላዋ «በቃ ሞቷል» አለች። ታላላቆቻችንን ለመጠየቅ አፈርን። በሦስተኛው ቀን አደይ የምንላቸው አንዲት አባላችን ለሌላ ጉዳይ መጡና ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አስጠግተው ሳቁ። «በርዶት ነው እንጂ ምን ሆነ? እናንተስ በዚህ ብርድ ያለ ጋቢ ታድራላችሁ?» አሉን። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳር ሌሊት እርሾውን ያዘገየዋል። ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው። በማግስቱ መንጫጫት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ያልሠራነው ስሕተት የለም። ቂጣውን ሳይበርድ ከጥንስሱ ቀላቀልን፤ ትኩሳቱ እርሾውን ጎዳው። ጋኑን በልብስ ሳሙና አጠብን፤ ስዋው ሳሙና ሳሙና አለ። ግራዋና የወይራ ጢስ ይበቃን ነበር። ሌላ ጊዜ ጀሪካን ሞልተን ክዳኑን አጥብቀን ዘጋን፤ ሲፈላ የሚወጣው አየር መውጫ አጥቶ ስንከፍተው ጣራ ድረስ ረጨን። ቶሎ ቶሎ እየከፈትን የቀመስነው ደግሞ አየር ገብቶበት መጠጠ። እነዚህን ዛሬ እየሳቅን እናወራቸዋለን።

አንዱን ግን አንስቅበትም። ብቅሉ በደንብ ሳይደርቅ ከረጢት ውስጥ አስገባነው። እርጥበቱን በእጃችን ዳስሰን አውቀናል፤ «እነዚህ ምንም አያውቁም» እንዳይሉን ብለን ዝም አልን። በሳምንቱ ስንፈታው ሻግቷል። ፀሐይ ላይ አስጥተን ልንጠቀምበት ስንል አደይ ከለከሉን። ሻጋታ የሚተወው መርዝ በፀሐይም በመፍላትም አይለቅም፤ ለሰውም ለከብትም አይሰጥም። ቆፍረን ቀበርነው። በዚያን ቀን አለቀስን። እርጥብ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ብንናገር ኖሮ አንድ ቀን ፀሐይ ያድነው ነበር።

ስለዚህ አሠራራችንን ለወጥን። አዲስ ጠማቂ መጀመሪያ በትንሽ እንስራ ትሞክራለች፤ ቢበላሽም ጉዳቱ ትንሽ ይሆናል። ከመጠንሰሷ በፊት አንዲት ልምድ ያላት እናት ትመደብላታለች። የውኃውን፣ የጌሾውንና የብቅሉን ልክ ከነቀኑ በደብተር ትጽፋለች። በወር ስብሰባችን ደግሞ ከሽያጩ በፊት የተበላሸውን እንናገራለን። የተናገረች አትወቀስም።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ በሪፖርታችን ላይ «የተደፋ ብቅል» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ሳንደብቅ የጻፍነው እንድታዩት ነው። ለጀማሪዎች የመጀመሪያ ኪሳራ የሚሆን ትንሽ መጠባበቂያ ብድሩ ውስጥ እንዲኖር እንጠይቃለን፤ አንዲት ሴት አንድ ጋን ስለተበላሸባት ከሥራው እንዳትወጣ።

እኛ አምስታችንም ብድራችንን እየከፈልን ነው። አተላውን ለጎረቤት ከብቶች እንሰጣለን። ጉሹ በስተኋላ ቀርቧል፤ ቀምሳችሁ ጉድለቱን ንገሩን።