ባሕር ዳር ያደርንባቸው ሦስት ሌሊቶች

(ምኒልክ አደባባይ አጠገብ በተካሄደው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከአባላት አንዷ ያደረገችው ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ጉዞ ሣጥናችን ነው። ባለፈው ስብሰባ አንዳንዶቻችሁ «ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ የሽርሽር መዋጮ ምን ይሠራል? ወደ ብድሩ ሣጥን ይዙር» ብላችኋል። አልፈርድባችሁም። ሣጥኑ በ2010 ዓ.ም. ሲከፈት እኔም የተቃወምኩት በዚሁ ቃል ነበር። ክርክሩን ትቼ በጥር 2011 ዓ.ም. የሆነውን ብነግራችሁ ይሻላል።

ዐሥራ አራት ነበርን። በወር 150 ብር እየቆጠብን ዓመት ሞላን፤ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እዚሁ ከምኒልክ ሐውልት ሥር ተነሣን። ስንቃችን ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። የአባይን በረሃ ቁልቁል ስንጀምር ዓይኗን የጨፈነች አንዲት አባላችን ደጀን ደርሰን እንኳ አልገለጠችም። ማን እንደሆነች አልናገርም፤ እዚህ ተቀምጣለች።

ያረፍነው ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ገስት ሐውስ ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ። አብዛኞቻችን እንጀራ ጋጋሪዎች ነንና እንቅልፉ ከየት ይመጣል? ገና ሳይነጋ ሁላችንም ነጠላችንን ተከናንበን በረንዳው ላይ ተደርድረናል፤ የምንሠራው ጠፍቶን። አንዷ መጥረጊያ ፈልጋ ግቢውን መጥረግ ጀመረች። ባለቤቲቱ ወጥታ «እንዴ! ከፍላችሁ አይደል እንዴ የገባችሁት?» ብላ መጥረጊያውን ቀማቻት። ቁርስ ሲቀርብ ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጠው እናታችን እጇን ታጥባ ዝም ብላ ተቀመጠች። «ሌላ ሰው የሠራልኝን ቁርስ ተቀምጬ ስበላ ከአራስነቴ ወዲህ ዛሬ ገና ነው» አለች። የመጨረሻ ልጇ ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

በማግስቱ ጀልባ ተከራየን። የዚያ አገር ሰው ጣናን ሐይቅ አይለውም፤ ባሕር ነው የሚለው፣ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንጨት ጭነው የሚቀዝፉ ሰዎች አጠገባችን ያልፋሉ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባበትም፤ ሾፌራችን ብቻውን ወጥቶ ሲሳለም እኛ ጀልባው ላይ ቀረን። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። አስጎብኚው ይህን ሲያይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን እንዳሠሩ፣ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕልም እዚያው እንዳለ ነገረን። አንዷ «እንግዲያው እኛም የራሳችንን እናሠራለና!» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ዘጌ ወርደን፣ በቡና ጫካው መሐል ወጥተን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አየን። እነዚያን ሥዕሎች በቃል መናገር አልችልበትም። የዘጌ ቡና ግን ገዝተን መጥተናል፤ ቀምሳችሁታል።

ጢስ ዓባይም ሄደን ነበር፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በጥር ፏፏቴው ቀጭን ነው፤ በጋ ከመሆኑም ሌላ ውሃው ወደ መብራት ማመንጫው ይሄዳል። «ለካ ውሃውን የጠጣው ምጣዳችን ነው» ተባባልን። መሄድ የምትፈልጉ ክረምቱ እንዳለፈ ሂዱ።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ከመካከላችን አንዷ ሦስት ወር ብድሯን አልከፈለችም ነበር። ስሟ ከማኅበሩ እንዲሰረዝ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከጉዞው መልስ ሊታይ ተቀጥሮ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ በረንዳው ላይ በጨለማ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። ልጇ ታማለች፣ ምጣዷን ሸጣ ነው የምታሳክማት፤ ምጣድ ከሌለ ደግሞ ብድሩ ከምን ይከፈላል? በየወሩ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንሰበሰብ አልነገረችንም። እኛም አልጠየቅናትም፤ አጀንዳው ያልቃል፣ ሁላችንም ወደ ቤት እንሮጣለን። ስንመለስ ማመልከቻዬን ቀደድኩት። ምጣድ ገዛንላት፣ ዕዳዋን በዓመት ከስድስት ወር ጨርሳ ከፈለች። ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝ ራሷ ናት።

ያን ጊዜ ጎረቤታሞች ነበርን፤ ያም ሆኖ አላወቅንም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሠፈሮቻችን ፈርሰው ከተበተንን ወዲህ ደግሞ አንዳንዶቻችሁ ሦስት ታክሲ ይዛችሁ ነው እዚህ የምትደርሱት። ተገናኝተን የምንውለው ለሁለት ሰዓት ነው፤ የሚበዛው ደግሞ በሒሳብ ያልቃል።

ስለዚህ ሣጥኑ እንዳይነካ ድምፅ እሰጣለሁ። የባሕር ዳር መንገድ ለጊዜው አስቸጋሪ ስለሆነ ሐዋሳን አስበናል፤ አሞራ ገደል ዓሣ እንበላለን። ዝርዝሩ ገንዘብ ያዥዋ ዘንድ አለ። መዋጮው የከበዳት ለብቻ ታነጋግረን። መጀመሪያ የተመዘገበችው ያቺ እናታችን ናት፤ ቁርስ እንዳለበት ጠይቃ ካረጋገጠች በኋላ።