የቤት ዋስትና ጥያቄ ውድቅ ሲደረግ፦ የኦክላንድና የሳን ሆዜ የቤት ባለቤቶች መብትና የሕግ አውጪዎች ድርሻ



በኦክላንድ ከተማ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ በጥር ብርድ መካከል፣ የቤት ማሞቂያው ሥራ አቆመ እንበል። የቤቱ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው። ቤቱን ሲገዙ ደላላው የአንድ ዓመት የቤት ዋስትና ውል ከሽያጩ ጋር አያይዞላቸዋል፤ «የተበላሸ ነገር ቢኖር ይደውሉላቸው፣ መጥተው ይሠሩልዎታል» ስለተባሉም ዓመቱ ሲያልቅ በራሳቸው ገንዘብ አሳድሰውታል። አሁን ይደውላሉ፤ የአገልግሎቱን ክፍያ ይከፍላሉ፤ ኩባንያው የላከው ባለሙያ መጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ያያል፤ ይሄዳል። በማግስቱ በስልካቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይደርሳቸዋል፦ ብልሽቱ ከውሉ በፊት የነበረ በመሆኑ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ከቁጠባው አውጥቶ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ማሞቂያውን ያስተክላል፤ ነገሩንም «ከትልቅ ኩባንያ ጋር ማን ይሟገታል» ብሎ ይተወዋል። ይሁን እንጂ የካሊፎርኒያ ሕግ ለእኚህ እናት ከአንድ በላይ በር ከፍቶላቸዋል። ችግሩ እያንዳንዱ በር የሚከፈተው በወረቀት መሆኑ ነው። ምክንያቱ በጽሑፍ ያልተሰጠው ሰው፣ ወይም የተጻፈለትን ማንበብ ያልቻለ ሰው፣ መብቱ በሕግ መጽሐፍ ላይ ሰፍሮ ሳለ በእጁ ግን የለም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ መርሕ በሚገባ ያውቃል፦ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 ይህንኑ ደንግጓል። ብዙዎች ታዲያ የኩባንያውን «አይሆንም» ራሱን የውሉ ቃል አድርገው ይቀበሉታል። ሕግ ሆኖ የሚጸናው ግን የውሉ ጽሑፍ ነው። የኩባንያው መልስ የአንዱ ተዋዋይ ወገን ትርጓሜ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲጠራ ሦስት ሰነዶችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የቤት መድን ነው፤ እሳትን፣ ስርቆትንና የመሳሰሉትን ድንገተኛ አደጋዎች ይመለከታል። ሁለተኛው የቤት ሠሪው ድርጅት ኃላፊነት ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ወዲህ በአዲስነታቸው ለተሸጡ ቤቶች የካሊፎርኒያ ሕግ የግንባታ መለኪያዎችን አስቀምጧል፤ ድርጅቱም የጽሑፍ አቤቱታ ሲደርሰው በ14 ቀናት ውስጥ መድረሱን በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። በሳን ሆዜ አዲስ ቤት የገዛ ቤተሰብ የቧንቧ ወይም የጣሪያ ጉድለት ሲገጥመው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው። ሦስተኛው በተለምዶ የቤት ዋስትና የሚባለው ነው፤ ሕጉ «የቤት ጥበቃ ውል» ይለዋል። በዕድሜና በአገልግሎት ብዛት የሚበላሹ ዕቃዎችን፣ ማለትም ማሞቂያን፣ ቧንቧን፣ የኤሌክትሪክ መስመርን፣ ማቀዝቀዣንና የመሳሰሉትን፣ ለመጠገን ወይም ለመተካት የሚገባ ውል ነው። ይህንን ውል የሚሸጡ ኩባንያዎች የሚተዳደሩት በግዛቱ የመድን ሕግ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚሰጣቸውና የሚቆጣጠራቸውም የካሊፎርኒያ የመድን መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ነጥብ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ቀጥሎ ለሚነገረው ሁሉ መሠረቱ እርሱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ባለቤት የመጀመሪያ ሥራው ምክንያቱን በጽሑፍ ማስሰጠት ነው። በካሊፎርኒያ የካሳ ጥያቄዎች ፍትሐዊ አያያዝ ደንብ መሠረት፣ ኩባንያው የጥያቄው ማስረጃ በደረሰው በ40 ቀናት ውስጥ መቀበሉን ወይም አለመቀበሉን ሊወስን ይገባል። ውድቅ ካደረገ ደግሞ በጽሑፍ፣ እያንዳንዱን ምክንያት ከነፍሬ ነገሩና ከነሕግ መሠረቱ፣ የተመረኮዘበትንም የውል አንቀጽ ጠቅሶ ሊያስረዳ ግዴታ አለበት። ደብዳቤው ጉዳዩ በመድን መሥሪያ ቤቱ እንዲታይ ማመልከት እንደሚቻልም መግለጽ አለበት። በስልክ የተነገረ «አይሆንም» ይህንን ግዴታ አያሟላም፤ አንቀጽ የማይጠቅስ የአንድ መስመር መልእክትም እንዲሁ። ባለቤቱ በጽሑፍ ለሚያቀርበው ጥያቄም ኩባንያው በ15 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ የተጠቀሰውን የውል አንቀጽና ባለሙያው ለኩባንያው ያቀረበውን ዘገባ ቅጂ።

ሁለተኛው ሥራ ምክንያቱን በማስረጃ መመከት ነው። ተደጋግመው የሚጠቀሱት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ብልሽቱ ከውሉ በፊት ነበረ፣ ዕቃው በአግባቡ አልተያዘም፣ ሲተከል በትክክል አልተተከለም። ለመጀመሪያው መልስ የሚሆነው ቤቱ ሲገዛ የተደረገው የፍተሻ ዘገባ ነው፤ በዚያን ቀን ማሞቂያው ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ገጽ ከብዙ ክርክር ይበልጣል። ለሁለተኛው የጽዳትና የጥገና ደረሰኞች ይቀርባሉ። ለሦስተኛው ደግሞ ከግዛቱ የሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ ፈቃድ ያለው ሌላ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ አስተያየቱን ይሰጣል። ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የተነጋገሩበትን ቀንና ያነጋገረውን ሠራተኛ ስም መመዝገብ፣ የተበላሸውንም ክፍል አለመጣል ያስፈልጋል። የውሉ ቃል ለሁለት ትርጉም የሚመች ከሆነም የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1654 ለባለቤቱ ይረዳዋል፤ ሌሎቹ የአተረጓጎም ደንቦች አሻሚነቱን ካላስወገዱት፣ ቃሉ የሚተረጎመው አሻሚ አድርጎ በጻፈው ወገን ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ውሎች ኩባንያው ሳይፈቅድ በሌላ ሰው የተሠራ ጥገና ወጪው እንደማይተካ ይናገራሉ። በብርድ የተጨነቀ ቤተሰብ መጠበቅ ባይችል እንኳ፣ አስቀድሞ ለኩባንያው በጽሑፍ ማስታወቅና ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት አለበት። የግዛቱ ሕግ ኩባንያው በስልክ በተጠየቀ በ48 ሰዓት ውስጥ አገልግሎቱን እንደሚጀምር በውሉ ላይ እንዲገለጽ ስለሚያዝ፣ የመጀመሪያው ስልክ የተደወለበት ቀንና ሰዓት ራሱ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ይግባኝ ነው። ባለቤቱ ማስረጃውን አያይዞ ኩባንያው ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ፣ መልስ የሚጠብቅበትንም ቀን ጠቅሶ ይጽፋል። ካልተሳካ አቤቱታው ለካሊፎርኒያ የመድን መሥሪያ ቤት ይቀርባል። አቤቱታው ክፍያ የለውም፤ በስልክ ቁጥር 1-800-927-4357 ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ ኩባንያው ደንቡን ማክበሩን ይመረምራል፣ ማብራሪያም ያስቀርባል። ሥልጣኑ ግን ወሰን አለው። ማሞቂያው የተበላሸው ከውሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን የፍሬ ነገር ክርክር እንደ ዳኛ አይፈርድም። አቤቱታውን አቅርቦ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው እንዳያዝን ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ፍሬ ነገሩን የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው። በካሊፎርኒያ ስሞል ክሌምስ የሚባለው የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ግለሰቦች እስከ 12,500 ዶላር እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። መክፈቻው እንደ ገንዘቡ መጠን ከ30 እስከ 75 ዶላር ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ከክፍያ ነጻ እንዲሆን ያመለክታል። በችሎቱ ጠበቃ ቆሞ አይከራከርም፤ ኩባንያውም ቢሆን የሚልከው ሠራተኛውን ነው። የኦክላንድ ነዋሪ በአላሜዳ ካውንቲ፣ የሳን ሆዜ ነዋሪ በሳንታ ክላራ ካውንቲ የበላይ ፍርድ ቤት ያመለክታል። አስተርጓሚ የሚጠየቀውም አይ ኤን ቲ 300 በሚባለው ቅጽ ነው፤ ከችሎቱ ቀን ቀደም ብሎ ማስገባት ይበጃል። ሁለት ነገሮች ግን ሊታወሱ ይገባል፦ ከሳሹ ቢሸነፍ ይግባኝ የለውም፤ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ2,500 ዶላር በላይ የሆነ ክስ ማቅረብ የሚችለውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በጽሑፍ የተደረገ ውል በተጣሰ ጊዜ የክስ ማቅረቢያው ገደብ አራት ዓመት ነው። ውሉ ክርክር በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ ካለው፣ ስሞል ክሌምስን የሚፈቅድ ሐረግ በውስጡ ስለመኖሩ ማየት ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐረግ በብዙ ውሎች ውስጥ ይገኛል።

እስካሁን የተነገረው የባለቤቱ ድርሻ ነው። ከዚህ የሚቀጥለው ሕግ አውጪዎችንና አማካሪዎቻቸውን የሚመለከት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቋንቋ ነው። የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1632 ድርድሩ በዋናነት በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ የተካሄደ እንደሆነ፣ በዝርዝር ለጠቀሳቸው የውል ዓይነቶች ከፊርማ በፊት ትርጉም እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ ሲጀመር ስፓኒሽን ብቻ ይሸፍን ነበር፤ አራቱ ቋንቋዎች የተጨመሩት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አማርኛና ትግርኛ በዝርዝሩ የሉም። በኦክላንድና በሳን ሆዜ ብዙ ሐበሻ ቤት የሚገዛው በቋንቋው በሚያነጋግረው ደላላ በኩል ነው። ተስፋው በአማርኛ ይነገራል፤ ውሉ በእንግሊዝኛ ይፈረማል፤ ጥያቄው ውድቅ ሲሆን የሚጠቀሰው አንቀጽም ያው በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነው። ውሉን ሁሉ ማስተርጎም ለጊዜው ከባድ ቢሆን፣ የማይሸፈኑትን ነገሮች፣ የገንዘብ ጣሪያውንና የአቤቱታ መንገዱን የያዘ አንድ ገጽ በመድን መሥሪያ ቤቱ ተዘጋጅቶ በብዙ ቋንቋዎች ሊቀርብ ይችላል። ኩባንያውም ከውሉ ጋር እንዲያያይዘው ማዘዝ አዲስ ተቋም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ኩባንያው የሚፈርደው ራሱ በላከው ባለሙያ ቃል ነው፤ ባለቤቱ ግን ያንን ዘገባ የሚያየው ጠይቆ፣ አንዳንዴም ለምኖ ነው። ዘገባውና የተነሱት ፎቶግራፎች ሳይጠየቁ ከውድቅ ደብዳቤው ጋር እንዲላኩ ቢደነገግ ክርክሩ ገና ከመነሻው ይጠራል። በቂ ምክንያት ያለው ኩባንያ በዚህ የሚያጣው ነገር የለም።

ሦስተኛው የሚመጣው ጊዜ ነው። የቤይ ኤሪያ የአየር ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ባጸደቀው ደንብ፣ በአካባቢው የሚሸጡና የሚተከሉ አዳዲስ አነስተኛ የውሃ ማሞቂያዎች ከ2027፣ የቤት ማሞቂያዎች ደግሞ ከ2029 ጀምሮ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የማያወጡ እንዲሆኑ ወስኗል። የሚሠራ የጋዝ ማሞቂያን ማንም አያስነቅልም፤ ሲሞት ግን ተተኪው በአብዛኛው ሂት ፓምፕ ይሆናል። አሮጌ ቤት ውስጥ ሂት ፓምፕ ሲተከል አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ አንዳንዴም አዲስ ፓነል፣ ከዚያም የከተማ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ የቤት ዋስትና ውሎች እንዲህ ያለውን የማሻሻያና የፈቃድ ወጪ አይሸፍኑም፤ ቢሸፍኑም በትንሽ ጣሪያ ነው። ለአየሩ ጤና የወጣ ደንብ ለባለቤቱ ያልታሰበ ዕዳ እንዳይሆን፣ ኩባንያዎች ይህንን ወጪ ይሸፍኑ ወይም አይሸፍኑ እንደሆነ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግልጽ እንዲጽፉ ከወዲሁ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ወደ እኚያ እናት እንመለስ ቢባል፣ ሌሊቱን ብርድ ልብስ ደርበው ያደሩት ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። አርባ ቀኑም፣ አርባ ስምንት ሰዓቱም፣ የጽሑፍ ምክንያቱም በሕግ ሰፍረዋል። የጎደለው ያንን ሕግ ወደ ኩሽና ጠረጴዛቸው የሚያደርስ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የማኅበረሰቡ አገልጋዮች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ከጎናቸው ተቀምጠው የመጀመሪያውን ደብዳቤ አብረዋቸው መጻፍ ነው። ሕግ አውጪዎች ሊያደርጉት የሚገባው ደግሞ ቀጣዩዋ እናት ያንን ደብዳቤ ለመጻፍ ሰው መፈለግ እንዳይኖርባት ማድረግ ነው።