በአቃቂ ቃሊቲ የሥራ ቦታዎች የስልክና የታብሌት መስታወት መከላከያ አመራረጥ



ከሳሪስ ወርዶ ቃሊቲን አልፎ እስከ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ የብረታ ብረት ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የጉምሩክ ግቢውና ጋራዡ ተያይዘው ይገኛሉ። በእነዚህ ቦታዎች ቀድሞ በካርኒና በመዝገብ ይከናወን የነበረው ሥራ ከፊሉ ዛሬ በጣት በሚነካ መስታወት ላይ ይከናወናል። የመጋዘን ሠራተኛው ዕቃ የሚቆጥረው፣ የጥራት ተቆጣጣሪው የለካውን የሚመዘግበው፣ ሾፌሩም የጭነት ሰነዱን ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚልከው በዚሁ ነው። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ቆጠራውም ርክክቡም አብሮ ይቆማል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ይክፈል?» የሚል ሲሆን፣ መልሱ ብዙ ጊዜ በሠራተኛው ደመወዝ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ በየሱቁ «ግላስ» እየተባለ የሚሸጠው ስስ መከላከያ፣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም፣ አመራረጡ መሐንዲስ ሊንቀው የሚገባ ጉዳይ አይደለም። በገበያ ላይ ግን ምርጫው የሚወሰነው በማሸጊያው ላይ በታተመው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ «9ኤች» ነው። ገዢው ይህን ሲያነብ አልማዝ 10 የሆነበትን የሞስ መለኪያ ያስባል፤ መከላከያውም ከአልማዝ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ያለ ይመስለዋል። ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው ሠንጠረዥ ማዕድናትን እርስ በርስ በመጫር የሚያወዳድር ነው። «9ኤች» ግን የእርሳስ ጥንካሬ ነው። ለቀለም ቅብ በወጣው የፍተሻ ዘዴ፣ እርሳሱ በ45 ዲግሪ አዘንብሎ፣ 750 ግራም ተጭኖበት በተቀባው ገጽ ላይ ይገፋል፤ የ9ኤች እርሳስ ያልጫረው ገጽ «9ኤች» የሚል ስም ያገኛል። ደኅና መስታወት ሁሉ ይህን ፈተና ስለሚያልፍ ቁጥሩ አንዱን ከሌላው ለመለየት አይረዳም። በሞስ መለኪያ ሲታዩ፣ የስልኩ መስታወትም ሆነ በላዩ የሚለጠፈው፣ 6 ገደማ ላይ መጫር ይጀምራሉ፤ በ7 ደግሞ ጎልቶ የሚታይ ጭረት ይወጣባቸዋል።

7 ቁጥር ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝም በአሸዋ ውስጥ የተለመደ ማዕድን ነው። ቁልፍና ሳንቲም ስልክ በመጫር ይታማሉ፤ ነገር ግን ተራ ብረት ከመስታወት ይለሰልሳልና ሐሜቱ ያለ ቦታው ነው። ጥፋተኛው ከቁልፉ ጋር ኪስ ውስጥ የገባው አሸዋ ነው። በብረት ሥራ ክፍል ደግሞ ከአሸዋም የከፋ አለ። የግራይንደር ድንጋይ በአመዛኙ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ከሲሊኮን ካርባይድ ሲሆን፣ ሁለቱም በሞስ 9 እና ከዚያ በላይ ናቸው። ድንጋዩ እየተበላ በሄደ ቁጥር ብናኙ በጠረጴዛው፣ በጓንቱና በቱታው ኪስ ይቀመጣል። ሠራተኛው ስክሪኑን በቱታው እጅጌ ጠረገ ማለት በብርጭቆ ወረቀት አሸው ማለት ነው። ከግራይንደርና ከብየዳ የሚፈናጠረው የጋለ ፍንጣሪም መስታወት ላይ ሲያርፍ ነክሶ ይቀራል፤ ብየዳ ቤት አጠገብ የቆመ መኪና መስኮት ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል።

እንግዲህ በጥንካሬ ይህን ብናኝ የሚረታ መከላከያ በሱቅ የለም። መከላከያው የሚገዛው በዋናው መስታወት ፈንታ እንዲጫር ነው። ጭረቱም የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው፣ መስታወት የሚሰበረው በገጹ ላይ ካሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ተነሥቶ ነው። የስልክ መስታወት በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ተነክሮ፣ ትንንሾቹ የሶዲየም አዮኖች ወጥተው በምትካቸው ትልልቆቹ የፖታሲየም አዮኖች ስለሚገቡ፣ ገጹ ተጨምቆ ይጠነክራል። ይህን የተጨመቀ ስስ ንብርብር ዘልቆ የገባ ጭረት ግን በሚቀጥለው ውድቀት ወደ ስብራት ሊለወጥ ይችላል።

ከወደቀ ስልክ ላይ የተሰነጠቀ ግላስ ሲነሣ «ይኸ ባይኖር ኖሮ ዋናው ይሄድ ነበር» መባሉ የተለመደ ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር የሚያህለው ስስ ግላስ፣ በተለይ በጠርዙ፣ ከበታቹ ካለው መስታወት ቀድሞ ይሰበራል፤ ዋናውን በማይጎዳ ውድቀትም ይሰበራል። ማዕዘኑን ከመሬት የሚያርቀው ከስክሪኑ ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ከቨር ነው። ለመጋዘን ሠራተኛና ለሾፌር ከቨሩና ግላሱ አብረው ቢገዙ ይበጃል።

ለብየዳና ለግራይንደር ክፍል ግን የፕላስቲኩ ልጣፍ ይሻላል። ቶሎ ይጫራል፤ ነገር ግን አይሰባበርም፣ ዋጋውም አነስተኛ በመሆኑ በየጊዜው ተልጦ ሊለወጥ ይችላል። ዱቄትና ምግብ በሚመረትበት ክፍልም ከግላስ ይልቅ ፕላስቲክ ይመረጣል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ በሊጥ ውስጥ የወደቀ የመስታወት ስባሪ በዓይን አይገኝም።

የመሣሪያው ዓይነትም መታየት አለበት። የዛሬዎቹ ስልኮች የጣትን መኖር የሚያውቁት ጣቱ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መስክ ሲለውጠው ነው፤ ስስ ግላስ ይህን አያግድም፤ ወፍራም የሥራ ጓንት ግን ያግደዋል። በአንዳንድ መጋዘኖች የሚገኙ የቆዩ የባርኮድ ማንበቢያዎች ግን በግፊት የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ገጻቸው ሲጫኑት መጉበጥ አለበት፤ ግላስ የተለጠፈበት ዕለት መሥራታቸውን ያቆማሉ። ልዩነቱን ለማወቅ በፕላስቲክ እስክሪብቶ ጫፍ ቀስ ብሎ መንካት ይበቃል፤ ከታዘዘ የግፊት ነው። የጣት አሻራ የሚነበበው ከስክሪኑ ሥር ከሆነም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ10 ስልክ አንዳንድ የሲሊኮን ሽፋን ሲደረግበት ላልተመዘገበ ጣት ጭምር ይከፈት እንደነበር ኩባንያው ራሱ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል።

ለማጽዳት ቤንዚንና ቲነር አይነካም፤ ሙጫውንም ፕላስቲኩንም ይበላል። አቧራው በመጀመሪያ በብሩሽ ይራገፋል፤ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ልጣፉም ቢሆን ወለሉ ውኃ በተረጨበት ዝግ ክፍል ቢለጠፍ እንጂ በአቃቂ ነፋስ መካከል አይለጠፍም።

ቀሪው የግዢ ጉዳይ ነው። ለ2011 ዓ.ም. ታቅዶ ለተላለፈው 4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺ ገደማ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር። የአንዱ መከላከያ ዋጋ 100 ብር ነው ቢባል፣ ለዚህን ያህል መሣሪያ 18 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ በዚህ መጠን «ትንሽ ዕቃ» የሚባል ነገር የለም። የአንድ ፋብሪካ ግዢ ከዚህ እጅግ ቢያንስም ስሌቱ አንድ ነው። መከላከያው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ከመሣሪያው ጋር ቢጠየቅ፣ ለእያንዳንዱም መለዋወጫ ልጣፍ አብሮ ቢገባ፣ የተለወጠበት ቀን በንብረት ካርዱ ላይ ቢጻፍ፣ ስክሪን በተሰበረ ጊዜ ጥያቄው መልስ የሚያገኝበት መዝገብ ይኖራል። ድርጅቱ ልጣፉን በወቅቱ ሳይለውጥ ቀርቶ ከሆነ ካርዱ ያሳያል፤ ሠራተኛውም ድርጅቱ ላልገዛው ዕቃ ከደመወዙ አይቆረጥበትም።