ወገባችን ይፍታታ፤ አፋችን ግን አይዘጋ!

(በአንድ የግል ድርጅት የሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

አስተዳደሩ ዘወትር ዓርብ ከሥራ መግቢያ በፊት "ዮጋ" እንድንሠራ ማሰቡን ገልጾ አስተያየት እንድሰጥ ሲጠይቀኝ ሳቄ ነው የመጣው። እናንተም ስትስቁ አይቻችኋለሁ! ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቆሞ መጥቶ "በል አሁን ደግሞ በአንድ እግርህ ቁም" ቢባል ምን ይላል? "ኧረ በሁለቱም ደክሞኛል!" ነው የሚለው።

ቀልዱን ልተወው። እኔ ሂሳብ ክፍል ወንበር ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁ፣ ወገቤን ይዤ ሐኪም ቤት የተመላለስኩ ሰው ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንገቴን፣ ትከሻዬንና ወገቤን አፍታታለሁ፤ በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። ተአምር አልተሠራም። ግን ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼ ላይ መጮኼ ቀንሷል። ባለቤቴ ትመስክር!

ዮጋ የህንዶች ጥንታዊ ቅርስ ነው። ቃሉ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን ማጣመር፣ መጥመድ ከማለት ጋር ይዛመዳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ጁን 21 ቀን የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል። ዩኔስኮ በቅርስነት የመዘገበው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ በተቀመጠ ጉባኤ ነው፤ ኅዳር 2009 ዓ.ም.። የኛ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነበር። የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ለቢሮ ሠራተኞች የአምስት ደቂቃ የዮጋ እረፍት አዘጋጅቶ አስተዋውቋል። አምስት ደቂቃ፣ ያውም በሥራ ሰዓት! ይቺን ነገር ያዙልኝ።

"የባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?" ያላችሁኝ አላችሁ። ሥሩ ከሂንዱ እምነት ጋር የተያያዘ መሆኑን መካድ አይቻልም። ስለዚህ ኅሊናው ያልፈቀደለት ሰው አይገደድ፤ ወጥቶ ፀሐይ ይሙቅ፣ እግሩን ያፍታታ። ሰውነትን ማፍታታት ብቻውን የማንም ሃይማኖት አይደለም። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም መድኃኒት ከመዋጡ በፊት ቢሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የኦክስፎርድ ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር በ233 ድርጅቶች የሚሠሩ 46,336 ሰዎችን መረጃ መርምሮ ነበር። ሠራተኛው በግሉ ጭንቀቱን እንዲቋቋም ተብለው ከሚሰጡት ሥልጠናዎችና ፕሮግራሞች አብዛኞቹን የተካፈሉት ካልተካፈሉት ተሽለው አልተገኙም። ለምን? ጭንቀቱ የሚፈበረከው ሰውዬው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን ሥራው ውስጥ ከሆነ፣ ትንፋሽ ብቻውን ምን ያደርጋል?

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እንዳሉት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 745 ሺህ ያህል ሰዎችን በስትሮክና በልብ ሕመም ለሞት ዳርጓል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓትም በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ የቀኑ ክፍያ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እኛ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው? "ቤተሰብ ነን" እየተባለ ስንት ማታ በነፃ አምሽተናል? ትርፍ ሰዓቷ እንዲከፈላት የጠየቀችው እኅታችን "አስቸጋሪ" ተባለች፤ ዛሬ በመካከላችን የለችም። ከዚያ ወዲህ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብለን ተቀመጥን። ጥርስን ነክሶ መተንፈስ ደግሞ ዮጋ አይደለም!

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ዮጋውን አልቃወምም፤ እንዲያውም ፊት ቆሜ አሠራለሁ። ግን፦

አንደኛ፣ በሥራ ሰዓት ይሁን። ከእንቅልፋችን ተቀንሶ የሚሰጠን እረፍት እረፍት አይደለም።

ሁለተኛ፣ በፈቃድ ይሁን፤ ስም አይጠራ፣ የቀረ አይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ እናንተም ጫማችሁን አውልቃችሁ አብራችሁን ሥሩ። ዘበኛውና ሥራ አስኪያጁ ጎን ለጎን ሲያጎነብሱ ነው የቤቱ ጠባይ የሚለወጠው።

አራተኛ፣ ያመሸንበት ሂሳብ ተሠርቶ ይከፈለን። ሂሳቡን እኔ እሠራዋለሁ፤ ሙያዬ ነው።

አምስተኛ፣ ከዮጋው በኋላ ሩብ ሰዓት ይሰጠንና ቅሬታችንን እንናገር። የተናገረ ሰው ሰኞም ሥራው ላይ ይገኝ።

እነዚህ ከተሟሉ ዓርብ ጠዋት ምንጣፌን ይዤ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ካልተሟሉ ግን፣ ጎንበስ ማለቱንማ ያለ አሠልጣኝም ስንት ዓመት ለምደነዋል። አሁን የቸገረን ቀና ማለቱ ነው።